አመድ ውስጥ ኖራ

«እሳት አመድ ወለደ» ይላል የኛ ሰው፣
ለአባቱ ያልበቃን ልጅ ሊወቅሰው።
እኔ ያየሁት ግን፣ ኮርባ በሚሉት አገር፣
እሳት ወልዶ ሲጥል፣ ሌላ ሰው ሲያሳድግ ነበር።

ከሐስዴዎ ወንዝ ዳር ጭስ ማውጫው ቆሟል፤
ከሰል ገብቶ ይነዳል፣ መብራት ወጥቶ ይሄዳል፣
ራይፑር ይደርሳል፣ ዴልሂ ይደርሳል፤
የኢትዋሪን አምፖል ግን በየማታው ይጠፋል።

ለኮርባ የሚቀረው
በቧንቧ የሚወርድ፣ ኩሬ ሙሉ ግራጫ ጭቃ ነው።
ሲደርቅ ይነሣል።
በግንቦት ነፋስ፣ ከቀትር በኋላ፣
በር ሳያንኳኳ ይገባል እንደ ባለቤት፤
የሕፃን ሽፋሽፍት ላይ ይተኛል፣
ያጠበችው ነጭ ሳሪ ከገመዱ ሲወርድ
የአሮጊት ጸጉር ይመስላል።
አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል የሰማሁት በተረት ነው፤
እዚህ ግን አንድ እንስራ ገብተው
ማን በማን እንደሚስቅ፣ ጠፋ የሚለያቸው።

ኢትዋሪን ማለት «የእሑድ» እንደ ማለት፤
በእሑድ ተወልዳ፣ እሑድ የሌላት ሴት።
ባሏ ቡድራም፣ የረቡዑ፣ ከቦይለሩ ሥር
ሃያ ሁለት ዓመት አመድ ሲጠርግ ነበር።
አንድ ሌሊት ሳል ጠራው፤
አብሮት ሄደ።

የኩሬው ግድብ የተናደ ለታ
ነሐሴ ነው፤ ዝናቡም አልተገታ።
ግራጫው ወረደ፣ ሳይጮህ፣ ሳይቸኩል፣
ሩዟን ከነቡቃያው፣ ማሳዋን ከነወሰኑ
እንደ ከፈን አለበሰው።
ካሳ መጣ። በወረቀት። ወረቀቱ ስሟን ስቶ፣
«ለኢትዋራ» ይላል።
ኢትዋራ ማናት? ስትባል፣ ስትጠየቅ፣ ስትመላለስ፣
ስድስት ዓመት።

ከዚያ መንገድ መጣ።
ዴዋንጋን የሚሉት መሐንዲስ፣ ቅንድቡ ድረስ የነጣ፣
አመዱን ከኩሬው አስዛቀ፣ ኖራ አስነሰነሰበት፣
ውሃ አርከፈከፈ፣ ሮለር አስረገጠበት።
«ከመቶ ስድስት እጅ ኖራ» አለ፤ «የቀረው ጊዜ ነው።
ከደረቀ ሞተ። ሰባት ቀን ማጠጣት ነው።»

ለማጠጣት የተቀጠረች ኢትዋሪን።
ጆንያ አለበሰችው፣ በጎማ ቱቦ አራሰችው፣
ጧት፣ ቀትር፣ ማታ፣
እንደ ሩዝ ችግኝ፤ ያውም ከሩዟ ቦታ
ስታፍስ ከርማ ያልጨረሰችውን።
ሳቀች፤ ብቻዋን ሳቀች።
በኛ አገር ውለታው የጠፋበት ሰው
እጁ አመድ አፋሽ ነው ይባላል።
የሷ እጅ፣ በቀን ሦስት መቶ ሩፒ፣
ሰባት ቀን አመድ ያጠጣል።

በሦስተኛው ቀን በተረከዟ ገፋችው፤ ዱካ አልያዘም።
በአምስተኛው ፍየል ሮጠበት፤ አልሰመጠም።
በሰባተኛው፣ ቡጢ የምታህል ድቡልቡል ናሙና
መጭመቂያው መሐል ገብታ
ጮኸች፣ ቀጭን ጩኸት፣ ግን ዘግይታ።
ዴዋንጋን ቁጥሩን አነበበ፤
ልጁ ድክ ድክ ያለለት አባት መሰለ፣ ፈገግ አለ።
«የጉድጓዱስ ውሃ?» አለችው።
«ይለካል።»
ቦርሳውን ዘጋ።

ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ጥቁር ሬንጅ።
ያለፈ ሁሉ አስፋልት ነው ይላል እንጂ
ከሥር የማን ማሳ፣ የማን ሳል እንደተኛ
የጭነት መኪና ጎማ ምን ብሎ ይጠይቃል?

አመዱን ምን አጸናው? ብለው ቢጠይቁኝ
መልሴ አንድ ነው፣ ሁለት ጊዜ እለዋለሁ፣
አንዱን ለመሐንዲሱ፣ አንዱን ለሷ፦
አመድ ውስጥ ኖራ።

የተሰበረችው ናሙና፣ ግማሿ፣
ዛሬ ከኢትዋሪን ደጃፍ ናት።
ግንቦት ሲመጣ፣ ካልተዛቀው ኩሬ ነፋሱ ሲነሣ፣
በሩን ገፍቶ እንዳይገባ
ደግፋ የያዘችው እሷ።